የኢንተርንሽፕ ቦታ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፦ በባሕር ዳር ቢሮዎች ካለፍሁበት

የሃይድሮሊክስና ውኃ ሀብት ምህንድስና የተማርሁት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ነው። እንደ ሌሎቹ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ሁሉ እኛም ከመመረቃችን በፊት አንድ ሴሚስተር ከግቢ ወጥተን በመሥሪያ ቤት ወይም በግንባታ ቦታ መሥራት ነበረብን። ትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፣ አማካሪ መምህር ይመድባል፤ ቦታውን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ ግን ባብዛኛው የተማሪው ነው። እኔ ይህን ፍለጋ ያለፍሁት ብዙ ደጅ ከጠናሁ በኋላ ነው። የካቲት ሲቃረብ ፋይል አቅፈው ከቢሮ ቢሮ የሚዞሩ ታናናሾቼን ሳይ፣ ያን ጊዜ አንድ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ጭንቀት ይቀርልኝ እንደነበር ስለማስብ፣ ይጠቅማል ያልሁትን እንደ አካሄዱ እጽፍላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት የጊዜው ነገር ነው። አብዛኛው ተማሪ ፍለጋውን የሚጀምረው የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ደብዳቤ ሲታደል ነው። በዚያ ሳምንት ግን የፖሊ ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ቤተሰቡ ባሕር ዳር የሚኖር ሁሉ ወደ እነዚያው ቢሮዎች ይጎርፋል፤ የሰው ኃይል ኃላፊዎችም ከዕለት ወደ ዕለት ትዕግሥታቸው እያለቀ ይሄዳል። እባካችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ተነሡ። ለመጠየቅ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከክፍል በኋላ ጎራ ብሎ «ዘንድሮ ተማሪ ትቀበላላችሁ ወይ? በየትኛው የሥራ ክፍል?» ማለት ይቻላል። ግዴታው ከሚጠይቀው ውጭ በክረምት ልምምድ ለመውጣት የምታስቡ ደግሞ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ልብ በሉ። በሰኔ ወር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሒሳብ በመዝጋትና የዓመቱን ሪፖርት በማዘጋጀት ተወጥሮ ስለሚውል፣ የተማሪ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጥያቄያችሁን በሚያዝያ፣ ቢዘገይ በግንቦት መጀመሪያ አስገቡ። የግንባታ ሥራ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በጋውን ይምረጥ፤ በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሲበረታ ቁፋሮው ስለሚቆም፣ ሐምሌን ሳይት ላይ ያሳለፉ ጓደኞቼ አብዛኛውን ጊዜ ያዩት የቆመ ማሽን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የት ይፈለግ የሚለው ነው። በእኛ ጊዜ የክፍላችን ተማሪ በሙሉ ማለት ይቻላል የጠየቀው ስማቸው የታወቀ ሁለት ሦስት ትልልቅ ድርጅቶችን ነበር፤ እኔም ከእነርሱው ጋር ተሰለፍሁ። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ በመሆኗ ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነ መሥሪያ ቤት ከሚታሰበው በላይ አላት። የክልሉ የውኃና የመስኖ ቢሮዎች፣ የዲዛይንና የቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት፣ የውኃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን፣ የከተማው የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ የዓባይ ተፋሰስን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት፣ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት፣ የአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የጣናን ሐይቅ ከእምቦጭና ከደለል ለመጠበቅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ሁሉ እዚሁ ናቸው። ከከተማ መውጣት ለሚችል በመራዊ በኩል 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ፤ ቦይ፣ የውኃ ማከፋፈያ በርና የገበሬዎች የውኃ ተራ አንድ ላይ የሚታይበት ስለሆነ ለመስኖ ተማሪ ከብዙ የመማሪያ ክፍል ይበልጣል። የግል አማካሪ ድርጅቶችንም አትርሷቸው። በየሕንፃው ፎቅ ላይ ከአራት አምስት ባለሙያ ጋር የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች ተማሪን አስቀምጠው አያውሉም፤ እጅ ስለሚያንሳቸው እውነተኛ ሥዕልና እውነተኛ ስሌት ይሰጣሉ።

የትኛው ቢሮ ተማሪ በደንብ እንደሚይዝ ለማወቅ ከሁሉ የጠቀመኝ ምንጭ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ከእኛ በፊት ያለፉ ተማሪዎች ያስገቡት የኢንተርንሽፕ ሪፖርት በትምህርት ክፍሉ ተቀምጦ ይገኛል። አስፈቅዳችሁ የሁለት ሦስት ዓመቱን አገላብጡት። የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው የሠራበትን የሥራ ክፍልና የተቆጣጠረውን ባለሙያ የሥራ መደብ ታገኛላችሁ። «የሠራኋቸው ሥራዎች» የሚለው ምዕራፍ ላይ የድርጅቱ ታሪክና መዋቅር ብቻ ተዘርዝሮ ከሆነ፣ ያ ተማሪ ሥራ እንዳልተሰጠው ገምቱ። ሥዕል፣ የመስክ ልኬት፣ የተሞላ ሠንጠረዥ ካያችሁ ግን ያንን ቢሮ በማስታወሻችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማንንም በስሙ ስለማይጠራ ማንም የእኔ ጉዳይ ነው አይለውም። የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከነሙሉ አጻጻፉ የተጠቀሰበት፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን የሰፈረበት ደብዳቤ ለየድርጅቱ አስወጡ። ከኋላው አንድ ገጽ ብቻ የሆነ የግል መረጃ አያይዙ። በዚያ ገጽ ላይ የስምንተኛ ክፍል ውጤትና «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቦታ ከሚይዝ፣ የወሰዳችኋቸው ዋና ዋና ኮርሶች፣ በትክክል የምትሠሩባቸው ሶፍትዌሮችና በክፍል የሠራችሁት አንድ ፕሮጀክት ይጻፍ። ኤክሴል በደንብ የሚችል ተማሪ ይህን ከመጻፍ እንዳያፍር፤ በቢሮ ውስጥ ከአርክ ጂአይኤስና ከአውቶካድ ይልቅ በየቀኑ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ደብዳቤ ማስገባት ማለት ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ «ገቢ» የሚለውን ማህተም ትመታበታለች፤ በማህተሙ ውስጥ ባሉት ባዶ መስመሮች ላይ ቀኑንና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ትሞላለች፤ ከዚያ በትልቁ መዝገብ ላይ ትመዘግበዋለች። ሁለተኛ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በእርሱም ላይ ያንኑ ማህተምና ቁጥር አስደርጉ። ከመዝገብ ቤት የወጣው ደብዳቤ ወደ ኃላፊው ይገባል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ «ለሰው ኃይል፣ ታይቶ ይስተናገዱ» ወይም ይህን የመሰለ አጭር ቃል ጽፎ ይፈርምና ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል። ከዚያም ያ ክፍል ወደ ሌላ ሊመራው ይችላል። ይህን አካሄድ የማያውቅ ተማሪ የኃላፊውን በር ብቻ ሲጠብቅ ይከርማል፤ ደብዳቤው ግን ከዚያ ቢሮ ከወጣ ቆይቷል።

የእኔም ነገር እንዲሁ ሆነ። በአንድ መሥሪያ ቤት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሰኞ ተመለሺ»፣ «እስካሁን መልስ አልመጣም» እየተባልሁ ሳምንታት አለፉ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ቦታ ሲያገኙ፣ ቅጹን ለትምህርት ክፍሉ የምንመልስበት ቀን ሲደርስ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚህ ያወጣኝ በአገናኝ መንገዱ ላይ ቆሜ ደጋግሞ ያየኝ አንድ በዕድሜ የገፋ የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ነው። «ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነው በየቀኑ የማይሽ?» አለኝ። ነገርሁት። «መልስ መጣ ወይ እያልሽ አትጠይቂ፤ ደብዳቤዬ ለማን ተመራ ብለሽ ጠይቂ። ቁጥሩን ይዘሻል?» አለኝ። ቁጥሩን ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ተመለስሁ። ሠራተኛዋ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደችና፣ ደብዳቤው በምሪት ወደ ሰው ኃይል ከሄደ መሰንበቱን፣ የተመራለት ሰው ደግሞ ዓመት ፈቃድ ላይ መሆኑን ነገረችኝ። ደብዳቤው የጠፋ ወይም የተከለከለ መስሎኝ ስጨነቅ፣ እርሱ በአንድ ትሪ ውስጥ ሰው እየጠበቀ ነበር። የሰው ኃይል ቢሮ ተወካይዋን ጠየቅኋትና በዚያው ቀን አየችልኝ፤ መልሷ ግን «የሚቀበልሽ የሥራ ክፍል ካለ እኛ አንቃወምም፤ ክፍሉ ይፈልግሽ እንደሆነ አንቺው አነጋግሪ» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ፤ የፍለጋዬ መልክ የተለወጠው በዚህ ቃል ነውና። የሰው ኃይል ክፍል ይፈቅዳል እንጂ ሥራ አይሰጥም። ተማሪን የሚያስተምረው፣ ጊዜውን የሚሠዋው፣ ሎግ ቡኩን (የሠራነውን የምንመዘግብበትን ደብተር) የሚፈርመው ባለሙያው ነው። ባለሙያው ደግሞ «አራት ወር ሙሉ ምን አሠራታለሁ?» ብሎ ይሰጋል። ይህን ስጋቱን ያስወገደለት ተማሪ ቦታ ያገኛል።

ወደዚያው ጋሼ ቢሮ ተመልሼ «ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ተማሪ ሊያግዝ የሚችልበት ሥራ ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላው ባለው መደርደሪያ ላይ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የንባብ ደብተሮች ተደርድረው ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ፤ በወንዝ ዳር በሜትርና በሴንቲ ሜትር የተሰመረ መለኪያ ይተከላል፣ በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ የውኃውን ከፍታ አንብቦ በደብተር ይጽፋል። አንዱን አውርጄ ከፈትሁት። ጠርዙ እርጥበት የነካው፣ በእርሳስና በእስክሪብቶ ተቀላቅሎ የተጻፈ ነበር። በነሐሴ ገጽ ላይ ከ1.12 ሜትር ቀጥሎ 11.3 ተብሎ ተጽፏል፤ ነጥቡ ቦታውን ስቶ ነው። ወንዙ በአንድ ሌሊት አሥር ሜትር ሊሞላ እንደማይችል ተናግሬ፣ እንዲህ ያሉትን እያጣራሁ ደብተሮቹን ወደ ኤክሴል ማስገባትና ጥርጣሬ ያለባቸውን ንባቦች በሌላ ቀለም መለየት እንደምችል ገለጽሁ። ጋሼ ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና «ከመቼ ጀምረሽ ትመጫለሽ?» አለኝ። በማግሥቱ ከሥራ ክፍሉ ወደ ሰው ኃይል አጭር ማስታወሻ ተጻፈ፣ የመቀበያ ደብዳቤዬም በዚያው ሳምንት ወጣ።

እንግዲህ የእናንተ ሙያ ምንም ይሁን ምን፣ በር ስታንኳኩ «ኢንተርንሽፕ ፈልጌ ነው» ብላችሁ አትቁሙ። የሚሠራውን ሥራ አስቀድማችሁ አጥኑና የምትይዙትን ቁራሽ ሥራ ጠቁሙ። የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ በፋብሪካው በአንድ ማሽን ላይ ክር የሚበጠስበትን ጊዜና ምክንያት ልመዝግብ ማለት ይችላል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የቆዩ ደረሰኞችን ከመዝገብ ጋር ላመሳክር ማለት ይችላል። በዘንዘልማ ያሉ የዓሣ ሀብት ተማሪዎች ከጣና የሚወጣውን ቆሮሶና አምባዛ በማረፊያው ላይ ልመዝን፣ ርዝመቱን ልለካ ሊሉ ይችላሉ። የምትጠቁሙት ሥራ ትንሽ ቢሆን አይጎዳም፤ ለባለሙያው የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስይዛችሁ ነገር ነው፣ የተሻለው ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለእኔም ደብተሮቹ ሲገባደዱ የፍሰት ስሌት ተሰጠኝ።

ስለ ዘመድና ስለ ገንዘብም በግልጽ መናገር አለብኝ። «ሰው አለሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችሁም ትሰማላችሁ። የትኛው ክፍል ሥራ እንደበዛበት የሚነግራችሁ፣ ከባለሙያ ጋር የሚያስተዋውቃችሁ የሰፈር ሰው ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢኖር መጠየቁ ነውር የለበትም። ቦታ አስገኝልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ግን፣ በቴሌግራም ይምጣ በአካል፣ ፈጽሞ አትስሙት። መሥሪያ ቤቶች ተማሪን የሚቀበሉት ያለ ክፍያ ነው፤ የከፈለ ሰው የሚያገኘው ማህተሙ ያጠራጠረ ወረቀት ብቻ ነው፣ ያም አማካሪው መምህር ለክትትል ሲመጣ ይጋለጣል። ደግሞም በአንድ ቦታ መልስ እየጠበቃችሁ ሌላ ቦታ መጠየቅን አታቁሙ። ሁለት ቦታ ከተቀበላችሁ ግን የማትሄዱበትን በአካል ሄዳችሁ አመስግኑና ልቀቁ፤ በዝምታ የቀረ ተማሪ የሚዘጋው በር ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ጭምር ነው።

በክልላችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ የመስክ ሥራ ሁልጊዜ አይሳካም። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከከተማ ውጭ ያለ ፕሮጀክት ብትመርጡ እንኳ፣ ጉዞ ሲከለከል በባሕር ዳር ቢሮው የምትሠሩት ሥራ እንዲኖር ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ማመልከቻውንም በኢሜይል ልኮ ከመጠበቅ በእግር መሄዱ ይሻላል። ወጪውንም አስቡት፤ ክፍያ ስለሌለ የባጃጅና የምሳ ሒሳቡ በአራት ወር ውስጥ ይከብዳል። በግቢ የምትመገቡ ከሆነ ለምሳ ደርሳችሁ የምትመለሱበትን ርቀት መምረጥ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያዎቹ ለደኅንነታችሁ አስበው ከመስክ ሊያስቀሯችሁ ይችላሉ። እኔም እንዲሁ ከመስክ ቀርቼ ነበር። ቅር ብሎኝ ዝም ከማለት ይልቅ፣ በዕለቱ ደርሶ የሚመለስ ጉዞ ሲኖርና ሌላ ሴት ባለሙያ ስትሄድ እንድካተት አስቀድሜ ጠየቅሁ፤ የምጫማውን ጫማ፣ የምይዘውን ውኃና ማስታወሻ ደብተር አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ጥያቄው የተወሰነ ስለነበር እሺ ለማለት አላስቸገራቸውም። የወንዙን መለኪያ በዓይኔ አይቼ፣ ንባቡን ራሴ የወሰድሁት በዚያ ጉዞ ነው። ጭቃ የሸፈናቸው የታችኞቹ ቁጥሮች እንዴት እንደሚያሳስቱ ካየሁ በኋላ፣ በደብተሮቹ ውስጥ ያልገባኝ ብዙ ስህተት ምክንያቱ ተገለጠልኝ።

ከገባችሁ በኋላ ሎግ ቡኩን በየሳምንቱ አስፈርሙ። በመጨረሻው ሳምንት የአራት ወር ፊርማ በአንድ ጊዜ ለማስፈረም ሲሯሯጡ፣ ተቆጣጣሪያቸው ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የተቸገሩ ጓደኞች ነበሩኝ። የምዘና ቅጹም ታሽጎ ለዩኒቨርሲቲው እንዲደርስ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ማህተም የሚመታው ሰው የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ደግሞ ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት በማመልከቻ ጠይቁ፤ በማመልከቻው ላይ የሠራችሁትን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ ጻፉ። ጸሐፊዋ ማስረጃውን የምታዘጋጀው ካለው ነገር ላይ ስለሆነ፣ ያልጻፈ ተማሪ የሚያገኘው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በተግባር ልምምድ ላይ ነበሩ» የሚል ብቻ ነው፤ የጻፈ ግን የውኃ ከፍታ መረጃ አጣርቶ እንዳደራጀ፣ ፍሰት እንዳሰላ በመሥሪያ ቤቱ ማህተም ተመስክሮለት ይወጣል።